ድራማው የማን ነው? ለድሮ ተማሪዎቼ ይቅርታ፣ ለሌላው ወገኔ ክርክር

ረጅም ነው፣ ታገሱኝ። ኔትወርኩ ሲፈቅድላችሁ ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ሳይጨርሱ ኮሜንት ለሚጽፉ ደግሞ ቀድሜ ልናገር፦ ይሄ የቱርክ ድራማን የሚሳደብ ጽሑፍ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚሁ ሰቆጣ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን በአማርኛ የሚያወሩ ቱርኮችን ያሳያል። አስተናጋጇ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ታያለች፤ ሻዩ ቀዝቅዟል። ከመምህራኑ አንዱ እንደተለመደው ጀመረ፦ «ትውልዱን የገደለው ይሄ ነው!» ሌላው ተቀበለው፦ «ባህላችንን ጨረሱት እኮ!» ሦስተኛው መንግሥት ይዝጋልን አለ። ልብ በሉ፣ ሦስቱም ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም። አንዱማ እርግማኑን መሃል ላይ አቋርጦ «ቆይ ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ወንድሟ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀን።

ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይሄንኑ አንድ ክርክር ነው የምንደጋግመው። ያኔ የፊልምና የቴአትር ሰዎቻችን ተቃወሙ፣ በየጋዜጣው ተጻፈ፣ በየሬዲዮው ተወራ። አሥር ዓመት ገደማ ሆነው። ሰው ማየቱን ተወ? አልተወም። ለምን ቢባል፣ ክርክሩ የተሳሳተ ጥያቄ ይዞ ስለተነሳ ነው ባይ ነኝ። «ሰው ለምን ያየዋል?» እንላለን። መጠየቅ ያለብን «የነሱ ለምን እንዲህ ረከሰ? የኛስ ለምን ይሄን ያህል ተወደደ?» ነበር። ባህል ባህል ስንል የንግዱን ነገር ረሳነው። ንግዱን ያልገባው ሰው ደግሞ ገበያ ላይ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው።

እኔ በዲፕሎማ የማስተምር የአማርኛ መምህር ነኝ፤ የሚዲያ ባለሙያ አይደለሁም። ግን አንድ የበደልኩት ነገር ስላለ (ወደ ታች እነግራችኋለሁ) ነገሩን ለማወቅ ብዙ አነበብኩ። የገባኝን ላካፍላችሁ።

ድራማ ማር አይደለም። የዋግ ማር ስትሸጥ ማሰሮው ይጎድላል፤ የሸጥከውን መልሰህ አትሸጠውም። ድራማ ወፍጮ ነው። ወፍጮ ለመትከል ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ አንዴ ከተተከለ ግን መቶ ሰው እህሉን ተሸክሞ ይመጣል፣ ሁሉም የአስፈጪውን ይከፍላል፣ ወፍጮው እዚያው የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው አስፈጪ መጥቶ «አንድ ቁና ጤፍ ላስፈጭ፣ ወፍጮውንም ይዤው ልሂድ» ቢል ምን ትሉታላችሁ? ዕብድ! እንግዲህ ይሄን ዕብድ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ቱርኮቹ የሚያደርጉት ይሄንን ነው። ድራማው መጀመሪያ ለሀገራቸው ጣቢያ ይሠራል፤ ወጪው በዋናነት እዚያው በማስታወቂያ ይመለሳል። ከዚያ አከፋፋይ ድርጅቶች ይረከቡትና በየዓመቱ ጥቅምት አካባቢ ፈረንሳይ ካን ከተማ ወደሚደረገው ሚፕኮም ወደሚባለው ገበያ ይወስዱታል። እዚያ ድራማውን አይሸጡም። ፈቃድ ነው የሚሸጡት። ለየትኛው ሀገር? በየትኛው ቋንቋ? ስንት ጊዜ ይታያል? ለስንት ዓመት? ለብቻህ ነው ወይስ ሌላም ይገዛዋል? ዋጋውም እንደ ገዢው አቅም ነው፤ ሀብታም ሀገር ብዙ ይከፍላል፣ እንደኛ ያለው ጥቂት። ወጪው ቀድሞ ስለተመለሰ ከኛ የሚመጣው ጥቂት ገንዘብም ለነሱ ትርፍ ነው። የሀገር ቤቱን ሁለት ሰዓት የሚሞላ ክፍል ለውጪ ገዢ ሲሆን በየ45 ደቂቃው ይቆራርጡታል፤ አንዱ ሦስት ይሆናል። እንግዲህ ድራማው አያልቅም የምትሉት ለዚህ ነው!

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ጉሙሽ የሚባል የቱርክ ድራማ ነበር፤ በሀገሩ በ1990ዎቹ መጨረሻ (በኛ አቆጣጠር) ሲታይ ያን ያህል አልተወራለትም። ኤምቢሲ የተባለው የዓረብ ጣቢያ ገዝቶ በሶርያ ዓረብኛ አስነግሮ በፈረንጆቹ 2008 ኑር በሚል ስም ሲያሳየው ግን የዓረብ አገር ቤት ሁሉ ሥራ ፈታ። የመጨረሻውን ክፍል 85 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ተዘግቧል። በሀገሩ ያልደመቀ ድራማ! ወፍጮው እዚያው ነው፤ አስፈጪው ግን ከሌላ መንደር መጣ።

ቃናም በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። ከጀርባው ዋናው ቢሮው ዱባይ የሆነና በአፍጋኒስታን ቶሎ ቴሌቪዥንን የመሠረተው ሞቢ ግሩፕ ከሀገር ውስጥ ሸሪኮች ጋር ነበር። ጥቁር ፍቅርን፣ የተቀማ ሕይወትን የመሳሰሉትን ፈቃድ ገዙ፣ አዲስ አበባ ላይ በኛው ልጆች ድምፅ አስነገሩ፣ በሳተላይት በነፃ ለቀቁት። ሌባ አይደሉም። ሕግ አልጣሱም። ነጋዴ ናቸው። እንዲያውም ከኛ አንዳንዱ ፊልም ሳይገዛ በሲዲ አባዝቶ በየቪዲዮ ቤቱ ሲያሳይ ኖሮ ሲያበቃ ፈቃድ ገዝቶ የመጣውን «ባህል አጥፊ» ማለቱ ያሳፍራል።

አሁን የኛን እንይ። የሀገራችን ድራማ እንዴት ነው ቴሌቪዥን ላይ የሚወጣው? ብዙውን ጊዜ አዘጋጁ ወይ ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ወይ የማስታወቂያውን ገቢ ይካፈላል። አስቡት! ወፍጮ ተካዩ ለአስፈጪው ከፍሎ ያስፈጫል። ደራሲው፣ ዳይሬክተሩ፣ ተዋናዩ ቁጭ ብለው መጻፍና መለማመድ ሲገባቸው ፋይል ይዘው ከባንክ ወደ ሳሙና ፋብሪካ፣ ከሳሙና ፋብሪካ ወደ ቀለም ፋብሪካ ስፖንሰር ፍለጋ ይዞራሉ። ድሮ ቢራ ፋብሪካ ነበር መሸሻው፤ በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያስወጣ እሱም ቀረ። (አዋጁን አልቃወምም፤ ልጆች አስተምራለሁ። ግን ጉድጓዱን ማን ሞላው?)

ከዚያ ድራማው ይታያል፣ ይወደዳል፣ ያልቃል። አለቀ ማለት ሞተ ማለት ነው። ገመና ያኔ ስንቱን ቤተሰብ አንድ ላይ ያስቀመጠ ድራማ ነው? ሰው ለሰውስ? እነዚህ ድራማዎች ዛሬ ድረስ በየጣቢያው በተራ እየታዩ፣ በየቋንቋው እየተነገሩ ለደራሲዎቻቸውና ለተዋንያኖቻቸው እንጀራ መሆን ነበረባቸው። የኛ ድራማ ግን ወጪውን ሁሉ በአንድ ዙር መመለስ አለበት። የነሱ ሃምሳ ሀገር ይዞራል፣ የኛ አንድ ዙር። ከዚያ «የኛ ለምን በጥራት አነሰ?» እንላለን። በአንድ አዝመራ ብቻ ኑር የተባለ ገበሬ ምን ዓይነት በሬ ሊገዛ ነው?

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይሄን እያወቁ አልተወለዱም። ሲንዲኬሽን ይሉታል፤ አንድን ሥራ ለብዙ ጣቢያ በተናጠል መሸጥ ማለት ነው። በ1951 (በነሱ) አሜሪካ ውስጥ አይ ላቭ ሉሲ የሚባል አስቂኝ ድራማ ተጀመረ፤ የኛዋ ድንቅነሽ አይደለችም፣ ሌላ ሉሲ ናት። ያኔ ብዙው ፕሮግራም በቀጥታ ይተላለፍና በዚያው ይጠፋ ነበር። ባልና ሚስቱ ተዋንያን፣ ሉሲል ቦልና ዴሲ አርናዝ፣ ወጪው ቢበዛም በጥሩ ፊልም እንቅረጸው አሉ። ጣቢያው ሲያንገራግር ደሞዛችን ይቀነስ፣ የተቀረጸው ፊልም ግን የኛ ይሁን ብለው ተስማሙ። ሰው የሞኝ ውል ሳይላቸው አይቀርም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ያው ጣቢያ የድራማውን መብት በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር ከነሱ ገዛ፤ በ1957 ባልና ሚስቱ አንድ ትልቅ የፊልም ስቱዲዮ ጠቀለሉ። ደሞዝ ሸጠው ባለቤትነት ገዙ።

ኦፕራ ዊንፍሬይንም እንዲሁ። ከ1986 እስከ 2011 የታየው ፕሮግራሟ የአንድ ትልቅ ጣቢያ ንብረት አልነበረም፤ ኪንግ ወርልድ የሚባል አከፋፋይ ከተማ ለከተማ እየዞረ ለየጣቢያው ሸጠው። አንዳንዱ ጣቢያ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ሌላው ደግሞ ከፕሮግራሙ የማስታወቂያ ደቂቃ የተወሰነውን ለአከፋፋዩ ይተዋል፣ ቀሪውን ራሱ ይሸጣል። ገንዘብ የሌለው ጣቢያም ይገዛል ማለት ነው። «ጣቢያዎቻችን ድሃ ናቸው» ለምትሉ መልሱ እዚህ ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ጎበዝ ተማሪ እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ አሜሪካ የየከተማው ጣቢያ ለየከተማው ነው። የኛ ግን ሁሉም ኢትዮሳት ላይ ነው፤ ሰቆጣም ጅጅጋም አንድ ዓይነት ቻናል ያያል። ሁለት ጣቢያ አንድ ድራማ ለምን ይገዛል?» ጎበዝ፣ ቁጭ በል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኛ መከፋፈያ ከተማ ሊሆን አይችልም። የኛ መከፋፈያ ቋንቋና ጊዜ ነው።

ብላክቦርድ ላይ እንዳለን እናስብ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል እኔ ያመጣሁት ነው። የኛ ድራማ አንዱ ክፍል 200 ሺህ ብር ይፈጃል እንበል። የውጪው ከነፈቃዱ ከነድምፁ 50 ሺህ። አራት እጥፍ! ነጋዴ የሆነ ጣቢያ የትኛውን ይመርጣል? ግልጽ ነው። አሁን ግን ባለቤቱ መብቱን በእጁ ይዞ ይሽጥ። አንዱ ጣቢያ በአማርኛ መጀመሪያ ለማሳየት 100 ሺህ ይክፈል። ከዓመት በኋላ ሌላ ጣቢያ በድጋሚ ለማሳየት 40 ሺህ። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ እያንዳንዱ 25 ሺህ፤ መቶ ሺህ። ድምር 240 ሺህ። ወጪው ተመለሰ፣ 40 ሺህ ተረፈ፣ ለመጀመሪያው ጣቢያም ልዩነቱ ከአራት እጥፍ ወደ ሁለት ወረደ። አሁንም የኛው ይወደዳል፤ አልዋሽም። ግን ሰው የራሱን ታሪክ ለማየት ያለውን ጉጉት አትናቁ። እረኛዬ በአርትስ ቴሌቪዥን ሲታይ ከማን አንሶ ነው የተወራለት?

መብትን መሸጥ አንችልም የሚል ካለ ደግሞ ወደ ኳስ ልውሰደው። በ2013 የውድድር ዓመት ዋዜማ የፕሪሚየር ሊጋችን ሼር ካምፓኒ የቴሌቪዥን መብቱን ለአምስት ዓመት ለዲኤስቲቪ ሸጠ። ያው ሊግ፣ ያው ተጫዋች፣ ያው ሜዳ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ ባለቤቱ ታወቀ፣ ጊዜው ተወሰነ፣ ዋጋ ወጣለት። አምስት ዓመት ተባለ እንጂ ለዘለዓለም አልተባለም።

እንግዲህ ወደ በደሌ ልምጣ።

አንዳንዶቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከጦርነቱ በኋላ፣ ትምህርት ቤት እንደገና ሲከፈት፣ የሚኒ ሚዲያው ልጆች አንድ ድራማ ሠርታችሁ ነበር። ስድስት አጫጭር ክፍል። ከስደት ስትመለስ ቤቷን ባዶ ያገኘች እናትና «ምን ተወሰደ?» ብለው ሲጠይቋት የጠፋውን ዕቃ ሁሉ ትታ የልጇን ደብተር የምትፈልግ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኽምጥኛ። ካሜራው የአንዷ አጎት ስልክ ነበር። መብራት ሲጠፋ በባትሪ፣ ድምፁ ከነፋስ ጋር እየታገለ። አይቼ አለቀስኩ። መምህር ስለሆንኩ ዞር ብዬ ነው ያለቀስኩት።

አንድ ጣቢያ (ስሙን አልጠራም፣ ጉዳዬ ከስሙ ጋር አይደለም) ወደደው። ወረቀት ላከ። ወረቀቱ ላይ «ሙሉ መብቱን ያለ ምንም ገደብ ለጣቢያው አስተላልፈናል» የሚል ነበር። ክፍያ የለም፤ ለልጆቹ ማስተዋወቂያ ይሆናቸዋል ተባለ። ልጆቹ እኔን አዩኝ። «ቲቸር፣ እንፈርም?»

ፈርሙ አልኳችሁ።

ኩራት ነው ያታለለኝ። የኔ ልጆች ቴሌቪዥን ላይ! አነበብኩት እንኳ አልልም፤ ዓይኔን ነው ያሳለፍኩበት። ድራማው ታየ፣ ሰቆጣ በደስታ አበደች፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ከዓመት በኋላ ከናንተ አንዷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥራዋን ለመምህሮቿ ለማሳየት ፈለገች። ዋናው ቅጂ የተቀመጠበት ስልክ ተበላሽቷል። ጣቢያውን ስትጠይቅ «የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ በደብዳቤ ጠይቂ» አሏት። ድራማው ግን ዩቲዩብ ላይ የጣቢያው ገጽ ላይ አለ፤ ከፊቱ የዱቄት ወተት ማስታወቂያ ይመጣል። የደራሲዋ ስም የለም። ደውላ የነገረችኝ በቁጣ አልነበረም፤ እየሳቀች ነበር። ያ ሳቅ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ዕብዱን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር፤ አንድ ቁና ጤፍ አስፈጭቶ ወፍጮውን ይዞ የሚሄደውን። ዕብዱ እሱ አልነበረም። ዕብዱ ወፍጮውን ተሸክሞ መኪና ላይ የጫነለት ሰው ነው። እኔ ነኝ።

ይባስ ብሎ ቋንቋውም አብሮ ሄዷል። «ያለ ምንም ገደብ» ማለት በሁሉም ቋንቋ ማለት ነው። ጎረቤቴ ያሉ አንዲት እናት አማርኛ ብዙም አይሰሙም። ማታ ማታ የቱርኩን ድራማ ሲያዩ ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ እያንዳንዷን ነገር ወደ ኽምጥኛ ትመልስላቸዋለች። ቱርኩ ወደ አማርኛ፣ አማርኛው ወደ ኽምጥኛ። አንዳንዴ የራሷን ትጨምርበታለች፤ ክፉዋን ሴትዮ የባሰ ክፉ ታደርጋታለች፣ እሳቸውም ይረግሟታል። ያቺ ልጅ የምትሠራው አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የሚከፈልበትን ሥራ ነው። ስለዚህ ሰው የለም፣ ችሎታ የለም፣ ተመልካች የለም አትበሉኝ። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በኽምጥኛና በአዊኛ ያሰራጫል፣ ምስጋና ይድረሰው። እኔ ግን በኽምጥኛ የተነገረ ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም። አዲስ ለመሥራት ገንዘብ ከሌለ የቆዩትን የአማርኛ ድራማዎች ፈቃድ ገዝቶ በልጆቻችን ድምፅ በኽምጥኛ ማስነገር ስንት ይፈጃል? ከመብት ባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ የጠየቀ ሰው አለ?

«ተው እንጂ፣ ታዋቂ እንሁን ይቅደም፣ መብት በኋላ» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም እንዲህ ነበር የማስበው። ስም የሚጠራው ግን ሥራው ያንተ ከሆነ ነው። ስምህ ከተፋቀማ ማን ታዋቂ ሆነ? «ካልፈረምን አያሳዩልንም» ለሚለውም፦ ምናልባት። ግን «ለሁለት ዓመት፣ በአማርኛ ብቻ፣ ስማችን ከነመጻፉ» ብለን ብንመልስላቸው ምን ይሉ እንደነበር ዛሬ አላውቅም፤ ምክንያቱም አልጠየቅንም።

ስለዚህ ካሜራ ላላችሁ፣ ለምትጽፉ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ለምትሠሩ ተማሪዎቼ ይሄን የቤት ሥራ ያዙ። ማንም ወረቀት ሲያቀርብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አምስት ጥያቄ ጠይቁ፦

1. የት የት ይታያል? ቴሌቪዥን ብቻ ወይስ ዩቲዩብም?
2. በየትኛው ቋንቋ?
3. ስንት ጊዜ?
4. እስከ መቼ?
5. ለናንተ ብቻ ነው ወይስ ለሌላም መስጠት እችላለሁ?

ለአምስቱ መልስ የሌለው ወረቀት አይፈረምም። ዋናውን ቅጂ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የቅጅ መብት አዋጃችን፣ ቁጥር 410/1996፣ ለሥራ አመንጪው የኢኮኖሚም የሞራልም መብት ይሰጣል፤ ስማችሁ እንዲጠራ መጠየቅ ልመና አይደለም። አዋጁን ሲቪክስ ክፍል ያላስተማርናችሁ እኛ ነን።

ለጣቢያዎች ኃላፊዎችም፦ ከድሃ ልጅ ሙሉ መብት መቀበል ትርፍ ይመስላችኋል። ወፍጮ ተካዩ ሁለተኛ ወፍጮ አይተክልም። ከዚያ ሰዓታችሁን የምትሞሉት ከካን ገዝታችሁ ነው፤ በዶላር። የክልል ጣቢያዎች እርስ በርስ ተዋውላችሁ አንዱ ያሠራውን ሌላው በቋንቋው ቢገዛ ማን ይከለክላችኋል?

ለሻይ ቤት ጓዶቼ ደግሞ፦ ቱርኩን መርገሙን እንተው። ሰውዬው ወንድሟ አይደለም፣ አጎቷ ነው፤ እኔም እያየሁት ነው። ቱርኩ ወፍጮውን አልሰጠም፣ አስፈጭቶ ከፍሎ እንድንሄድ ነው ያደረገን። እንማርበት።

ለነዚያ ስድስት ልጆች፦ ይቅርታ። አላወቅሁም ነበር ማለት መምህርን አያድነውም። ውሉን ይዤ የሕግ ሰው ዘንድ ሄጃለሁ፤ ቢያንስ ስማችሁ እንዲጻፍና ቅጂው እንዲሰጣችሁ በደብዳቤ ጠይቀናል። መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ። ባይመጣም እጽፋለሁ።

እስከዚያው ኮሜንት ላይ እንነጋገር። እንዲህ ያለ ወረቀት የፈረማችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለሚመለከተው ሰው ሼር አድርጉት፤ በተለይ ካሜራ የያዘ ወንድምና እህት ላላችሁ።

ሰላም እደሩ።
ከሰቆጣ፣ ቲቸራችሁ